ቡሹ ሲነሳ፦ ጣና ላይ ከጀልባ ነጭ አሣ በመንጠቆ ማጥመድ

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጣና ላይ ተቀምጬ ለአሣ ትል ሳበላ ዋልኩ። ማጥመድ አልለውም፤ ምጽዋት ነበር። መንጠቆዬን፣ ወደ ታች ከሚስበው የእርሳስ ብረት ጋር፣ አወርዳለሁ። ክሩ ላይ ታሥሮ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ቡሽ ላይ አፈጣለሁ። ቡሹ ትንሽ ከፍ ይልና ጋደም ይላል። እኔም «ሞገድ ነው» ብዬ እጠብቃለሁ። ሳወጣው ትሉ ልቅም ተደርጎ ተበልቷል። በሦስተኛው ቅዳሜ ጀልባውን የሚቀዝፉልኝ የዘጌ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ልጄ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?» አሉኝ።

«ቡሹ እስኪሰምጥ ነው፣ አባቴ።»

«ምን ቆርጦት ይሰምጣል? አሣው ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ላይ አንስቶ ቀና ሲል እርሳሱን ይዞልህ ነው የሚነሳው። ቡሹ ሲነሳ ጎትት እንጂ!»

ጎተትኩ። ያን ቀን አራት አሣ ይዘን ገባን። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለዚያች አንዲት ቅጽበት የሚደረግ ዝግጅት ነው። ጀልባውን አሥሮ ማቆሙም፣ ጥልቀቱን መለካቱም፣ ፉርሽካውን ማቡካቱም ቡሹ ሲነሳ በደንብ እንዲታያችሁ ነው።

የምንፈልገው አሣ

ታሪኩን አውሮፓ ለሚኖር አብሮ አደጌ በስልክ ስነግረው ሳቀብኝ። እዚያ ቴንች የሚባል አሣ አለ። ወደ ወይራ ቀለም የሚያደላ አረንጓዴ፣ ቅርፊቱ ድቅቅ ያለ፣ ቆዳው ልሃጫም፣ ዐይኑ ትንሽና ቀይ ነው። አረም ባለበት የረጋ ውኃ ውስጥ ጭቃ እየማሰ ይበላል። ሲበላ ከሥር ደቃቅ አረፋ ይወጣል። የእሱ አጥማጆች የሚወዱት ዘዴ ሽማግሌው የነገሩኝ ራሱ ነው። እርሳሱን ከመንጠቆው አጠገብ ያደርጉና መሬት ላይ ያስቀምጡታል። አሣው ሲያነሳው ቡሹ ይነሳል።

ነጭ አሣም ቴንችም የካርፕ ዘመዶች ናቸው። ሁለቱም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ የሚፈጩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ሁለቱም በአፋቸው ዳር ጢም አላቸው። ጭቃ ውስጥ ያለውን በእሱ ይዳስሳሉ። ቴንች ጣና ውስጥ የለም። ዘዴው ግን ይሠራል።

ባሕር ዳር ገበያ በዋናነት የምታገኙት ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ አሣ ነው። ነጭ አሣ ስንል አንድ ዓይነት ይመስለናል እንጂ፣ ተመራማሪዎች 15 ያህል ዝርያ ለይተውበታል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቶ ስለዘጋባቸው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ተለያይተው ተባዙ። ግማሽ ያህሉ ሌላ አሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ያለ ጥርስ! ሌሎቹ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ያገኙትን ከሥር ይለቅማሉ። እኛ የምንፈልገው እነዚህን ለቃሚዎች ነው።

መቼ፣ የትስ?

መጀመሪያ መቼ እንደማይሆን ልንገራችሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብዙዎቹ የነጭ አሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ያኔ እዚያ መረብ የጣለ ሰው ጀልባ ሙሉ ያወጣል፤ የሚያወጣው ግን የከርሞውን አሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ ከመጣ ወዲህ ወንዝ ወጪዎቹ ክፉኛ የተመናመኑት በዚህ ነው። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ጉዳቱ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታባብሉኝ። በእነዚያ ወራት የግልገል አባይን አፍ ተዉት። ውኃውም ቢሆን ደፍርሶ ቡና በወተት ይመስላል።

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የአሣ ዋጋ ይሰቀላል። እንደኔ በመንጠቆ ለሚጫወት ሰው እንኳን ቤት ውስጥ ክብር ይጨምራል።

ቦታው ከጎጃም በኩል ሞልቷል። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ወደ ዘጌ የሚወስደው ዳርቻ ለጀማሪ ይመቻል። መጠለያ ስላለው ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ትገባላችሁ። በምዕራብ ዳርቻ ቁንዝላ በኩልም ጥሩ ነው፣ ግን ውኃውን የሚያውቅ የአገሩ ሰው ይኑራችሁ።

ስለ ጥልቀት አንድ ነገር። ጣና 84 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ዳር ቆሞ ላየው ባሕር ነው፤ የአገሩም ሰው «ባሕሩ» ነው የሚለው። ታዲያ ሥሩ የሌለው ይመስላል። ከሁሉ የጠለቀው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። አማካዩ 8 ሜትር አካባቢ። ይህ ለእኛ ደስ የሚል ዜና ነው፣ የትም ብትሄዱ መሬቱን በክር ታገኙታላችሁ። እንጅባራ አጠገብ እንዳለው እንደ ዘንገና ያለ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ዘዴ አይሆንም።

ከመውጣታችሁ በፊት የአሣ ሀብትን የሚመለከተው የአካባቢያችሁ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ አለው። ብርብራ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተንን እንደ ባህል የሚያወሩ ሰዎች ታገኙ ይሆናል። መርዝ ክልክል ነው። መቼም የሚበላውን ሰው ካሰባችሁ ሕግም አያስፈልግም።

ጀልባው

ታንኳ ያምራል። ፎቶው ላይ በተለይ። የደንገል ታንኳ ላይ ተወልዶ ያላደገ ሰው ግን ሁለት እጁን ሥራ ላይ አድርጎ ሚዛኑን ሊጠብቅበት አይችልም። ወገቡ እስከ ታች ርሶ ይውላል። የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ ከነቀዛፊው ተከራዩ። ሞተር ካለው ለመመለሻ ይጠቅማል፤ ማጥመጃው ቦታ ግን በመቅዘፊያ ቀስ ብላችሁ ድረሱ።

የምትይዙት፦ ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው። ዋና አውቃለሁ የሚለው ሰው ይልበስ በተለይ። ባርኔጣና ረጅም እጅጌ፣ ምክንያቱም 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናችሁ፣ ውኃውም ፀሐዩን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይደፋዋል። ውኃ የሚቀዳ ጣሳ። ሁለት አሮጌ ጆንያ፤ ጆንያው ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ። ስትሳፈሩና ስትወርዱ በባዶ እግር ዳር ዳሩን አትራመዱ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ቦት ጫማ አድርጉ።

ዘንጉና ክሩ

ዘንጉ 3 ሜትር ከግማሽ ያህል ይሁን። ሱቅ የሚሸጠው ፋይበር ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ቀጥ ያለ ሸምበቆ ይበቃል። ክሩ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን። ወፈር ያለ ክር ይበጠስብኛል ከሚል ፍርሃት ያድናል፣ ግን አሣውም ያየዋል። መንጠቆው የትንሿ ጣታችሁን ጥፍር የሚያህል ይሁን። ነጭ አሣ አፉ ከምታስቡት ያንሳል።

ቡሹን ራሳችሁ ሥሩት። ቡሽ የምለው ከልማድ ነው፤ ከደንገል ነው የምሠራው። የደረቀ የደንገል ዘንግ ውሰዱ። የትንሿ ጣታችሁን ውፍረት ያህል ቀጭን የሆነውን፣ ወደ ጫፉ ያለውን ምረጡ። አንድ ስንዝር ቁረጡ። ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ይገባል። ሁለቱንም ጫፍ በሻማ ንከሩት፣ አለዚያ እስከ 3 ሰዓት ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ እንደ ቀለበት የሆነ ቀጭን ላስቲክ ቁረጡ። ባሕር ዳር ላይ የተቀደደ ከመነዳሪ የማያገኝ ሰው የለም። ላስቲኩን ከታችኛው ጫፍ ላይ ብቻ አጥልቁና ክሩን በውስጡ አሳልፉ። ከላይ እንዳታሥሩት። ከታች ብቻ የታሠረ ቡሽ ሲነሳ ተገልብጦ ይተኛል፣ ከሩቅም ይታያል። የላይኛውን ሁለት ጣት ያህል የጥፍር ቀለም ቀቡት። ቀይ። እኔ የእኅቴን ሰርቄ ነው የቀባሁት፤ እስካሁን አላወቀችም።

እርሳሱ አንድ ይሁን፤ ሦስት አራት ጥቃቅን አትበትኑ። ከመንጠቆው አራት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ክሩ ላይ ንከሱት። ክብደቱ ሲንጠለጠል ቡሹን ይዞ የሚያሰምጥ መሆን አለበት። ባልዲ ውስጥ ሞክሩት። ቡሹ ከሰመጠ ትክክል ነው፤ ካልሰመጠ እርሳሱን ጨምሩ። ይህ ለብዙ ሰው ግር ይለዋል። ቡሹ የሚቆመው እርሳሱ መሬት ላይ ስላረፈ ነው፤ ተሸክሞት አይደለም። አሣው እርሳሱን ሲያነሳ ቡሹ ከጎታቹ ይላቀቃል። ይነሳል።

ግብዣው

ነጭ አሣ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ እንዲቆይ የምታደርጉት ድግስ በመደገስ ነው። እኔ «ግብዣ» እለዋለሁ።

ሁለት ኪሎ ፉርሽካ። ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ በደንብ የተወቀጠ። ይህን የምታርሱት በአተላ ነው። ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤት ካለቻችሁ ከቀኑ በፊት ጣሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ «እትዬ፣ አተላ ካለ ለአሣ ነበር» በሏት። ትስቃለች፣ ግን ትሰጣለች። አተላው ሽታ አለው፤ ውኃው ውስጥ የሚጣራው ሽታው ነው። ጥቂት በጥቂት እያፈሰሳችሁ እሹት። ልኩን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ በእጃችሁ ስትጨብጡት ይያያዛል፣ በአውራ ጣት ስትገፉት ይፈረካከሳል። ከተልጠለጠለ በዝቷል፤ ፉርሽካ ጨምሩ። ካልያዘ ወርዶ ሳያልቅ መንገድ ላይ ይበተናል፣ ደቃቃውን አሣ ሁሉ ወደ ላይ ይጠራባችኋል። ልክ ከሆነ አንድ እፍኝ የበቆሎ ንፍሮ ቀላቅሉበት። በጣም አትጨምሩ። ግብዣው ምሳ እንዳይሆንባቸው፤ እኛ ጠርተን እንጂ አጥግበን መሸኘት አንፈልግም።

መንጠቆው ላይ የሚገባው ሦስት ዓይነት ይዤ እሄዳለሁ። የመሬት ትል አንደኛ ነው። በበጋ ደረቅ መሬት ቆፍራችሁ አትድከሙ፤ ቦኖ ሥር፣ የሙዝ ተክል ሥር፣ የቆሻሻ ውኃ የሚፈስበት ቦታ ታገኙታላችሁ። ከነአፈሩ በጣሳ ያዙት፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሁለተኛው የበቆሎ ንፍሮ ነው፣ ያልፈነዳ ፍሬ። ሦስተኛው የስንዴ ሊጥ ነው። ሊጡ ከመንጠቆ እየወደቀ ያስቸግራል። ትንሽ ጥጥ በጣታችሁ በትናችሁ አብራችሁ እሹት፤ ይይዛል።

ቦታውን መለካት

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀልባው ላይ ሁኑ። ያኔ ጣና መስተዋት ነው። ከዘጌ በኩል የወፍ ጫጫታ ይሰማል፣ ጭስ ይታያል፣ ጉማሬም ልታዩ ትችላላችሁ። ጉማሬ ካያችሁ ዞር በሉ። በእሱና በጥልቁ ውኃ መካከል አትግቡ። ያለኝ ምክር ይኸው ነው።

በየሁለት ክንዱ ቋጠሮ ያለው ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ እሠሩ። ከደንገሉ ዳርቻ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ እየቀዘፋችሁ በየጥቂቱ አውርዱት። ሁለት ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ፣ ሦስት፣ ከዚያ ድንገት አምስት። ያ «ድንገት» ነው የምትፈልጉት። መሬቱ ቁልቁል የሚወርድበት ጠርዝ ላይ አሣው ከጥልቁ ወጥቶ ሲለቅም ይውላል። ድንጋዩን ስታወጡት ሥሩን እዩ። ጥቁር ጭቃ ከያዘ ደስ ይበላችሁ። ንጹሕ ከሆነና ሲያርፍ «ቋ» ካለ መሬቱ አለት ነው፤ መንጠቆ ይበላል።

ውኃው ላይ ተደርድሮ የሚንሳፈፍ ባዶ ሃይላንድ ካያችሁ የአስጋሪ መረብ ምልክት ነው። ከዚያ ራቁ። መልሕቃችሁ የሰው መረብ ከቀደደ ለማስታረቅ ሽማግሌ መቀመጥ አለበት። እምቦጭም እንዲሁ፤ ነፋስ እየነዳው ይመጣል። ጠዋት ያልነበረ እምቦጭ ረፋድ ላይ መውጫችሁን ዘግቶ ታገኙታላችሁ።

ጀልባውን ማቆም

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ መልሕቅ የቆመ ጀልባ እንደ በር ይወዛወዛል። ጀልባው ሲዞር ክራችሁ ይሳባል፣ ቡሹ ይነሳል ይወድቃል። አሣው ይሁን ጀልባው ማን ያውቃል? ሁለት መልሕቅ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። የብረት ከሌለ 10 ኪሎ የሚሆን ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋችሁ አፉን ጥብቅ አድርጉ። ገመዱ የጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ይሁን። ቀጥ ብሎ የወረደ ገመድ ድንጋዩን ያነሳዋል፤ ጋደም ያለ ገመድ ይይዘዋል።

ቅደም ተከተሉ፦ ከምታጠምዱበት ቦታ ከነፋሱ ወገን ቁሙ። የፊቱን መልሕቅ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። አትወርውሩ። ገመዱን እየለቀቃችሁ ጀልባው በነፋሱ ወደ ኋላ ይንሸራተት። ከዚያ የኋላውን አውርዱ። አሁን የፊቱን መልሳችሁ ሳቡ፤ ጀልባው በሁለቱ መካከል ይወጠራል። በጸጥታ ውኃ ላይ ጎኑን ለነፋሱ ሰጥቶ መቆሙ ጥሩ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያጠምዳል።

ይህ ግን የጠዋት ብቻ ነው። አንድ ቀን እልህ ይዞኝ እስከ 7 ሰዓት ቆየሁ። ነፋሱ ተነሳ፣ ሞገዱ ነጭ ራስ አወጣ፣ ጀልባው ግን በሁለት ገመድ ተጠፍሮ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ሦስተኛው ሞገድ ገብቶ ጉልበታችን ድረስ አረሰን። ሽማግሌው አልጮኹም፤ ቢላ አውጥተው የኋላውን ገመድ ቆረጡት። ጀልባው ዞሮ አፍንጫውን ለሞገዱ ሰጠ። እኔ በጣሳ ውኃ እየቀዳሁ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፦ ነጭ ሞገድ ሩቅ ላይ ሲታይ ወዲያውኑ የኋላው መልሕቅ ይወጣል። 4 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ወደ ቤት።

ጆንያዎቹን አሁን ወለሉ ላይ አንጥፉ። የጀልባ ወለል ከበሮ ነው። ጣሳ ቢወድቅ፣ ጫማ ቢንኳኳ፣ ከሥር ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ወሬ ማውራት ይቻላል። መርገጥ አይቻልም።

ማጥመዱ

ግብዣውን ብርቱካን የሚያህል እያድበለበላችሁ ስድስት ያህል ጣሉ፣ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ። ቦታውን ለማስታወስ ዳር ካለ ዛፍ ወይም ቤት ጋር አስተያዩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ሻይ ጠጡ።

ቡሹን ማስተካከል። እርሳሱ መሬት ላይ ሲያርፍ የቡሹ ጫፍ ከውኃው ጋር እኩል እስኪሆን ላስቲኩን ወደ ላይ ወደ ታች አንሸራቱ። ያ ትክክለኛው ጥልቀት ነው። አሁን አንድ ስንዝር ጨምሩ። ትሉን አስገቡ፣ ከግብዣው ትንሽ አሳልፋችሁ ጣሉ። ቡሹ ጋደም ብሎ ይተኛል። ክሩን ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ ቡሹ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀዩ ጫፍ የጥፍር ያህል ብቻ ሲቀር አቁሙ። ዘንጉን ጀልባው ጠርዝ ላይ አስደግፉት፤ በእጅ ከያዛችሁት ትንፋሻችሁ ራሱ ቡሹን ያንቀሳቅሰዋል። እጃችሁ ግን ከዘንጉ በላይ፣ ሳይነካው ይቆይ።

ያለ አሣ ቡሹ ከሰመጠ እርሳሱ መሬት አልነካም፤ ጥልቀቱን ጨምሩ። ቀጥ አልል ካለ ክሩ በዝቷል።

አሁን እዩ። መጀመሪያ ደቃቅ አረፋ ሊወጣ ይችላል፣ ሽሮ ሊፈላ ሲል እንደሚያደርገው። ከዚያ ቡሹ ይንቀጠቀጣል። አትንኩ፤ ይህ ጢሙ ነው፣ ወይም ደቃቃ አሣ ይነካካዋል። ከዚያ ቀዩ ጫፍ ይረዝማል። የጥፍር ያህል የነበረው ሁለት ጣት ይሆናል፣ ሦስት ይሆናል፣ ማጋደል ይጀምራል። አሁን! ተኝቶ እስኪያልቅ አትጠብቁ። በክንድ ሳይሆን በእጅ አንጓ፣ ወደ ጎን፣ አጭር ምት። ወደ ሰማይ የምትጎትቱ ከሆነ ትሉን ከአፉ ትነጥቁታላችሁ፤ ካመለጣችሁ ደግሞ እርሳሱ ተመልሶ ግንባራችሁን ይመታል። ይህንንም አይቻለሁ።

ቡሹ ሳይነሳ ወደ ጎን እየሄደ ከሰመጠ አምባዛ ሊሆን ይችላል። አምባዛ ሲያነሱት በጎኑ ክንፍ ላይ ያለው እሾህ ይወጋል። በጨርቅ ያዙት።

የተያዘ ነጭ አሣ መጀመሪያ ወደ ጥልቁ ነው የሚሮጠው። ክሩን ስጡት፣ ግን አታላሉት። ሁለተኛው ሩጫው ወደ መልሕቁ ገመድ ነው። እንዴት እንደሚያውቀው እንጃ። ዘንጉን ከገመዱ ተቃራኒ ወገን ዝቅ አድርጋችሁ አዙሩት። ተቀምጣችሁ አድክሙት። ጎኑን ሲሰጥ እጀታ ያለውን መረብ ከሥሩ አስገቡ፤ አሣውን ወደ መረቡ እንጂ መረቡን ወደ አሣው አትሰዱ። ከክንድ ያነሰውን እኔ እለቃለሁ። በረጠበ እጅ ያዙት፣ ውኃው ላይ ጎንበስ ብላችሁ ልቀቁት።

ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ድቡልቡል ግብዣ። ከዚያ በላይ አይሆንም።

ጥልቅ ሲሆን

ፀሐይ ከፍ ሲል፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ጠርዙ ላይ የነበረው አሣ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዘንጋችሁ የረዘመ ጥልቀት ላይ ቡሽ መጣል ያስቸግራል። 7 ወይም 8 ሜትር ላይ የእጅ ክር ይሻላል።

ወፈር ያለ ክር፣ 0.40፣ እንጨት ላይ ጠምጥሙ። ቀዳዳ ያለው እርሳስ አስገቡ፣ ክሩ በውስጡ እንዲንሸራተት። ከመንጠቆው ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ የክብሪት እንጨት ቁራጭ ቋጥሩበት፣ እርሳሱ እንዳያልፍ። ግብዣው እዚህ ጥልቀት ላይ በመወርወር አይደርስም። የሽንኩርት ከረጢት ውስጥ ከድንጋይ ጋር አድርጋችሁ በገመድ ቀጥታ ከጀልባው ሥር አውርዱት። በየጊዜው አንድ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ስታደርጉት ይበተናል።

ክሩን አመልካች ጣታችሁ ላይ አሳርፉ። ስታጠምዱ ዐይናችሁን ብትጨፍኑ ይሻላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። ሞገዱ ቀስ ብሎ ይስባል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። አሣ ሲሆን ግን ኩርኮራ ነው፤ ሁለት ትንሽ ኩርኮራ፣ ከዚያ ክብደት። አንዳንዴ ደግሞ ክሩ ድንገት ይላላል። ይህ ያው የቡሹ መነሳት ነው፤ አሣው ይዞ ወደ ላይ መጥቷል። የላላውን ቶሎ ሰብስቡና ምቱ።

ከያዛችሁ በኋላ

አሣ ጀልባ ላይ እየተፈራገጠ እስኪሞት መተው ሥጋውንም ያበላሻል፣ ለማየትም ደስ አይልም። ጭንቅላቱን በእንጨት አንዴ ምቱት። ከዚያ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙ ይፍሰስ። በረጠበ ጆንያ ጠቅልላችሁ ነፋስ የሚነካው ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ ጆንያው ሲደርቅ ውኃ አርከፍክፉበት። የሆድ ዕቃውን ወደ ውኃ ዳር አትጣሉ። ቅበሩት።

ነጭ አሣ አጥንት ይበዛበታል። ብዙ ሰው የሚሸሸው በዚህ ነው። ሥጋው ውስጥ የገቡ ደቃቅ ሹካ መሳይ አጥንቶች አሉት። መፍትሔው ቢላ ነው። ቅርፊቱን አንሱ፣ ከዚያ ጎኑን ከጀርባው እስከ ሆዱ፣ የግማሽ ጣት ያህል እያራራቃችሁ፣ እስከ ዋናው አጥንት ድረስ ትልትሉት። ቢላው አጥንቶቹን ሲቆርጥ «ጭር ጭር» ይላል። ካላለ ቢላው አልተሳለም። ጨውና ሎሚ አሻሹት፣ በጋለ ዘይት ጥበሱት፤ የተቆራረጠው አጥንት አብሮ ይጠበስና ሲታኘክ አይታወቅም። ትልልቁን ደግሞ ለዱለት አድርጉት። በጣም ደቅቆ ይከተፋል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ይገባበታል።

ጭንቅላቱን እኔ አልበላም። ሽማግሌው ግን «ሌላው ይቅርብኝ፣ ጭንቅላቱን ተዉልኝ» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን አራት አሣዎች ስንካፈል አራቱንም ጭንቅላት በደንገል አሥረው አንጠለጠሉና፣ «በል፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ትሉን ቀነስ አድርገህ አምጣ፤ አሁን ማብላቱን ትተሃል» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።